«ታደሰ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ከእንጨት የእሽቅድምድም ጀልባ እስከ ጣና ታንኳ

«ማደስ» የሚለው ቃል «አዲስ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው። ስለዚህ «ታደሰ» ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ያረጀውን አንስቶ አዲስ ማድረግ ነው። ቤት ሲታደስ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ቆርቆሮው ይለወጣል። መታወቂያ ሲታደስ አዲስ ቀን ይጻፍበታል። ይህ ለቤትና ለመታወቂያ ችግር የለበትም። አንድ ጥንታዊ ሥራ «ታደሰ» ተብሎ ዜና ሲሠራ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ለመሆኑ ከአሮጌው ምን ቀረ? አዲሱ የቱ ነው? አሮጌውስ ለምን እንደዚያ ተደርጎ እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው ተጠይቋል ወይ? ዘገባዎቻችን እነዚህን ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ይዘሏቸዋል። መራቂው ማን እንደሆነና ስንት ብር እንደወጣ ይነግሩንና ያበቃሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄዎቹን በአንድ ምሳሌ ማሳየት ነው።

ምሳሌውን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። በልዩ ዘገባ አጻጻፍ ትምህርታችን ርእስ በዕጣ ሲከፋፈል ለእኔ የደረሰኝ «ከእንጨት የተሠራ የጥንት የእሽቅድምድም ሞተር ጀልባ እንዴት ይታደሳል?» የሚል ነበር። የክፍል ጓደኞቼ ሳቁ። «የቡሬ ልጅና ጀልባ ምን አገናኘው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ፈጠም አለ፣ ላህ አለ፣ ጀልባ ግን የለም። ይሁን እንጂ ርእሱን ስገፋበት ብዙው ነገር ከአገሬ ጓሮ የማውቀው ሆኖ አገኘሁት። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልግለጽ።

1. የእንጨት ጀልባ አሠራርና አስተዳደስ

የእንጨት ጀልባ አሠራሩ ከእንስሳ አካል ጋር ይመሳሰላል። ከፊት እስከ ኋላ እንደ ጀርባ አጥንት የሚያገለግል ረጅም ወፍራም እንጨት አለ። ከእሱ ላይ ግራና ቀኝ እንደ ጎድን አጥንት የታጠፉ እንጨቶች ይነሳሉ። በእነዚህ ላይ ደግሞ ጣውላ እንደ ቆዳ ይለበጣል። በ1920ዎቹ ይሠሩ የነበሩት የእሽቅድምድም ጀልባዎች ጣውላቸው በአብዛኛው ማሆጋኒ ነበር። ማሆጋኒ በእነሱ ዘንድ፣ እኛ ለቤት ዕቃ ዋንዛን እንደምናከብረው፣ የተከበረ እንጨት ነው። በመሐሉ የሚቀመጠው ሞተር ብዙ ጊዜ ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራ ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንዲህ ያለ ሞተር በርካሽ ይገኝ ነበርና።

እንዲህ ያለ ጀልባ ሲያረጅ የሚጎዳው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው መበስበስ ነው። እንጨት ሁልጊዜ ደረቅ ከሆነ አይበሰብስም፤ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ከሰጠመም መበስበሱ በጣም ይዘገያል። የሚያበሰብሰው ሻጋታ እርጥበትም አየርም አንድ ላይ ይፈልጋል። የጎጆ ምሰሶ የሚበሰብሰው ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ መሆኑን ከእኛ መካከል ያላየ ይኖራል? ጀልባም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገድለው የሚንሳፈፍበት ሐይቅ አይደለም፤ ከዳስ ሥር ቆሞ ሳለ ከላይ እየተንጠባጠበ ታችኛው ሆዱ ውስጥ የሚጠራቀመው የዝናብ ውሃ ነው።

ሁለተኛው መድረቅ ነው። ለዓመታት ከውሃ የራቀ ጀልባ ጣውላው ይኮማተርና መጋጠሚያው ይከፈታል። እዚህ ላይ መድኃኒቱ የሚገርም ነው፤ ራሱ ውሃ ነው። ደኅና የሆነ የድሮ አሠራር ጀልባ ውሃ ውስጥ ሲቆይ እንጨቱ ያብጥና ክፍተቱን ራሱ ይዘጋል። ይህን ሳነብ አባቴ እጀታው የላላ መጥረቢያ ማታ ውሃ ውስጥ ነክሮ ጠዋት ጠብቆ ሲያወጣው ትዝ አለኝ። ሳይንሱ አንድ ነው።

ሦስተኛው መጣመም ነው። ጀልባው ለረጅም ጊዜ ባልተመቸ ድጋፍ ላይ ከተቀመጠ ጀርባው ይጎብጣል ወይም ይጠማዘዛል። ለእሽቅድምድም ጀልባ ይህ ከመበስበስ የማይተናነስ በሽታ ነው። ለምን ቢሉ ፍጥነቱ ያለው በታችኛው ሆዱ ቅርጽ ላይ ነው። በሰኔ 1950 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ አጠገብ በዋሽንግተን ሐይቅ ላይ «ስሎ-ሞ-ሹን 4» የተባለችው የእንጨት ጀልባ በሰዓት 160 ማይል፣ ማለትም ወደ 258 ኪሎ ሜትር ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። በዚያ ፍጥነት ውሃውን የሚነኩት ከፊት በግራና በቀኝ የተሠሩት ሁለት መንሸራተቻዎችና ከኋላ ግማሹ የሞተሩ መዘውር ብቻ ነበሩ። የቀረው አካሏ አየር ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ጀልባ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር መጣመም ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ አዋቂ አዳሽ መጀመሪያ አይነቅልም። ጀልባውን በትክክለኛ ቅርጹ ደግፎ ያቆመዋል፤ ዙሪያውን ይለካል፣ ይሥላል፣ ፎቶ ያነሳል፤ ከዚያም የጎድን አጥንቶቹን አንድ በአንድ ይለውጣል። ሁሉንም በአንዴ ከነቀለ ቅርጹን የሚይዝለት ነገር የለም። አዲሱን እንጨት በእንፋሎት ያሞቅና ትኩሱን ያጥፈዋል። ከጎድን አጥንቱ ቀጥሎ ጣውላው፣ ከጣውላው ቀጥሎ ቪቴው፣ ከዚያም ደጋግሞ እየተላገ የሚቀባው ቫርኒሽ ይመጣል። ሰው የሚያደንቀው የመጨረሻውን ነው። ሥራው ያለው ግን ከመጀመሪያው ላይ ነው።

ይህን በፍኖተ ሰላም ለሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጢ አጫወትኳቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ እንዲህ ያለ ዕቃ ተሰባብሮ ቢመጣልዎት ከየት ይጀምራሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጀልባ ሠርተው እንደማያውቁ ከነገሩኝ በኋላ ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ መጀመሪያስ አልነካውም። በር አልዘጋ ሲል ሰው ሁሉ በሩን ይልጋል። ጥፋቱ እኮ ብዙ ጊዜ የመቃኑ ነው። በሩን ከመንቀልሽ በፊት መቃኑን እይ» አሉኝ። ብዙ ገጽ አንብቤ ያገኘሁትን እሳቸው በአንድ በር ጨረሱት።

2. አንድ ጣውላ ያወሰደው ዋንጫ

ዝርዝር ነገር ለምን ያስፈልጋል ለሚል አንድ ታሪክ ላቅርብ። በአሜሪካ «የወርቅ ዋንጫ» የሚባል ከ1904 ጀምሮ የሚካሄድ የሞተር ጀልባ ውድድር አለ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ አዘጋጆቹ ደንቡን ቀየሩ። ታችኛው ሆዳቸው እንደ ደረጃ የተከፋፈለ፣ በውሃ ላይ እየተንሸራተቱ የሚሮጡ ጀልባዎች እንዳይገቡ ከለከሉ፤ የሞተሩንም መጠን ወሰኑ።

በ1924 በዲትሮይት በተደረገው ውድድር ካናዳዊው ሃሪ ግሪኒንግ «ሬይንቦው 4» በተባለች ጀልባው በነጥብ አንደኛ ወጣ። ታዲያ አንድ ነገር ተገኘባት። የታችኛው ሆዷ ጣውላዎች የተለበጡት አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ እየተነባበረ፣ ያውም ከግራ ወደ ቀኝ በአግድም ነበር። የሣር ክዳን ንብብርን አስቡት። እያንዳንዱ ንብብር ትንሽ ደረጃ ይሠራል፤ ትንንሾቹ ደረጃዎች ተደምረው ጀልባዋን ከውሃው ያነሷታል። ዳኞቹ «ይህ የተከለከለው ደረጃ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው» ብለው ሰረዟት። ዋንጫው ሁለተኛ ለነበረው ለኬሌብ ብራግ ተሰጠ።

የብራግ ጀልባ ስሟ «ቤቢ ቡትሌገር» ነበር፤ ትርጉሙ «ትንሿ የድብቅ መጠጥ ነጋዴ» እንደ ማለት ነው። ጊዜው በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ መሸጥ በሕግ የተከለከለበት ስለነበር ስሙ ቀልድ አለበት። ንድፏን የሠራው ጆርጅ ክራውች ሲሆን በ1925ም ደግማ አሸንፋለች። ከዚያ በኋላ ጊዜዋ አለፈና ለብዙ ዓመታት ተረሳች። ማርክ ሜሰን የተባለ የአሮጌ ጀልባ አፍቃሪ ፈልጎ አገኛት፤ በ1980ዎቹም ታድሳ እንደገና ውሃ ላይ ወጣች።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሳ። «ሬይንቦው 4»ን የሚያድስ ሰው ቢመጣና «ይህ የሚነባበር ጣውላ አያምርም፣ ቆሻሻም ይይዛል፣ ልሙጥ ላድርገው» ቢልስ? ጀልባዋ ታምር ይሆናል። ታሪኳ ግን ያለው በእነዚያ ንብብሮች ላይ ነው፤ ያሸነፈችውም የተሰረዘችውም በእነሱ ምክንያት ነው። ልሙጥ ከሆነች በኋላ የሚያያት ሰው «ለምን ተሰረዘች?» ብሎ ቢጠይቅ ጀልባዋ ራሷ መልስ መስጠት አትችልም።

3. ከጣና ደንገል የተሠራችው «ራ»

ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አገራችን ውስጥ አለ። የምዕራብ ጎጃም ሰው ለጣና ባዕድ አይደለም። ግልገል አባይ ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ ተነስቶ ጣና ይገባል። አባይ ደግሞ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ይከብና ከቡሬ በታች፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ እንደገና እናገኘዋለን። በዚያ ሐይቅ ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ከዘጌ እንጨት፣ ከደሴቶቹ እህል ሲያመላልስ ኖሯል። በሥራው በተለይ የሚታወቀው በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረው የወይጦ ማኅበረሰብ ነው።

ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር የሚል ሐሳብ ነበረው። ግብፅ ውስጥ ደንገሉ ጠፍቶ ስለነበር ከጣና 12 ቶን ያህል አስጭኖ ወሰደ። ሥዕሉን ከፈርዖኖች መቃብር ግድግዳ፣ ሠሪዎቹን ደግሞ ከቻድ ሐይቅ አመጣ። ጀልባዋ በፒራሚዶቹ አጠገብ ተሠርታ «ራ» ተባለች። በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ከሰባት አገር የተውጣጡ ሰባት ሰዎችን ይዛ ተነሳች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመቃብር ሥዕሎቹ ላይ ወደ ውስጥ ከተጠማዘዘው የጀልባው ጭራ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ አለ። የቻድ ሠሪዎች በሐይቃቸው እንዲህ ያለ ጭራ ያለው ጀልባ አይሠሩም፤ ስለዚህ ገመዱን አያውቁትም። ጭራውን ሠርተው ሲጨርሱ ያለ ገመዱም ጥምዝዙን ይዞ ቆመ። ገመዱ ጥምዝዙን ለመያዝ ብቻ የታሰረ ነው ተብሎ ቀረ። ባሕሩ ላይ ሲደርሱ ግን የጀልባዋ ኋላ ቀስ በቀስ መውረድ ጀመረ። ያኔ ሄየርዳል የገመዱ ሥራ ገባው። ገመዱ የታሰረው ለጭራው ጌጥ አልነበረም። ጭራው እንደ ደጋን ሆኖ በገመዱ አማካይነት የኋለኛውን ወለል ወደ ላይ ይስብ ነበር። «ራ» ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ በሐምሌ 1969 ሰዎቹ ጥለዋት ወጡ።

በሚቀጥለው ዓመት ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች «ራ 2»ን ሠሩ፤ ገመዱም በቦታው ታሰረ። በግንቦት 1970 ከዚያው ከሳፊ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ዛሬ በኦስሎ ከተማ በኮን-ቲኪ ሙዚየም ትታያለች። በእርግጥ ይህ ግብፃውያን አሜሪካ መድረሳቸውን አያረጋግጥም፤ ጀልባው መድረስ እንደሚችል ብቻ ነው ያሳየው። ለእኛ የሚጠቅመን ትምህርት ግን ሌላ ነው። ደንገሉ ከትክክለኛው ዓይነት ነበር፣ ሥዕሉም ትክክል ነበር፣ ሠሪዎቹም ባለሙያዎች ነበሩ። የጎደለው ገመዱ ለምን እንደታሰረ የሚናገር ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ከሞተ ከሺህ ዓመታት በላይ ሆኖታል።

የጣና ታንኳ ደግሞ ለሌላ ሐሳብ ይጋብዘናል። ታንኳ እንደ ማሆጋኒ ጀልባ አይታደስም። ደንገል ውሃ ይመጥጣል፤ ስለዚህ ታንኳው ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ በፀሐይ ይደርቃል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ካረጀ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። ማንም መቶ ዓመት የሞላው ታንኳ አላየም፤ ታንኳ ግን ከጥንት ጀምሮ አለ። የቆየው ዕቃው አይደለም፤ የሚያስረው እጅና የሚበቅለው ደንገል ነው። ታዲያ ሁለቱም ዛሬ አደጋ ላይ ናቸው። በሐይቁ ዳር ረግረጉ ለእርሻ ተወስዷል፤ ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ሐይቁን ወሮታል። መንገደኛው በሞተር ጀልባ ይሄዳል። አንድ ታንኳ ወስዶ ሙዚየም ውስጥ ማስቀመጥ ይቻል ይሆናል። የማሰሩ ሙያ ከጠፋ ግን ያ ታንኳ ሲበሰብስ የሚተካው አይኖርም።

4. ወደ እኛ መንደር ስንመለስ

የታንኳው ነገር ሩቅ የሚመስለው ካለ በጓሮው የተጋደመውን ማረሻ ይመልከት። ድግሩ ሲያልቅ ሌላ ድግር ይጠረባል፣ የማረሻው ብረት ሲዶለዱም ባለ እጁ ዘንድ ይሄዳል፣ እርፉ ሲሰበር እርፍ ይገባል። በአሥር ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው ዕቃ የቀረ ነገር ላይኖር ይችላል። ይሁንና አባቴ «ይህ የአባቴ ማረሻ ነው» ሲል ማንም አይከራከረውም። ምክንያቱም ሞፈሩና እርፉ የሚገናኙበት ማዕዘን አልተለወጠም። ያ ማዕዘን ከተበላሸ ማረሻው ወይ ጠልቆ በሬ ያደክማል፣ ወይ አፈር ጭሮ ያልፋል። ማዕዘኑ የት ተጽፏል? የትም። በአባቴ ዓይንና ክንድ ውስጥ ነው ያለው።

በሰፈራችን የኮርቻ እንጨት የሚጠርቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የበቅሎዋን ጀርባ በእጃቸው ዳብሰው ነበር የሚጠርቡት እንጂ በሜትር አይለኩም ነበር። «አያ፣ እንዴት ያውቁታል?» ሲባሉ «በቅሎዋ ትነግረኛለች» ይሉ ነበር አሉ። እሳቸው ካረፉ በኋላ የሠሩት ኮርቻ በየቤቱ አለ። ሲሰበር ግን የሚጠግነው ሰው የለም። ሚስማር ይመታበታል፤ ሚስማሩም በቅሎዋን ያቆስላል። የ«ራ» ገመድ እኛም መንደር ውስጥ ተበጥሷል ማለት ነው።

እንግዲህ የጋዜጠኝነት ተማሪ ምን ያድርግ? አናጢ አይደለንም፤ ጀልባም ኮርቻም አንጠግንም። መጠየቅና መጻፍ ግን ሙያችን ነው። ስለዚህ ስለ ማንኛውም እድሳት ስንዘግብ፣ ቤተ ክርስቲያንም ይሁን ድልድይ ወይም የወፍጮ ቤት፣ ቢያንስ እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ብንሄድ እላለሁ።

ሀ) ከመነካቱ በፊት ተለክቷል፣ ተሥሏል፣ ፎቶ ተነሥቷል ወይ? መዝገቡስ ማን ዘንድ ነው ያለው?
ለ) ከአሮጌው የቀረው የትኛው ነው? የተለወጠውስ? ለምን ተለወጠ?
ሐ) የተነሳው አሮጌ ክፍል የት ደረሰ? ተቀምጧል ወይስ ተማግዷል?
መ) ጉዳቱን ያመጣው ነገር ተወግዷል ወይ? ጣሪያው እያፈሰሰ ጣውላ መለወጥ ትርፉ ድካም ነው።
ሠ) «ይህ ለጌጥ ነው» ተብሎ የቀረ ነገር አለ ወይ? ካለ፣ ለጌጥ መሆኑን ማን ነው ያረጋገጠው?
ረ) ሥራውን በእጁ የሚያውቅ ሰው ተጠይቋል ወይ? ስሙና ቃሉ በዘገባው ውስጥ ገብቷል ወይ?

ከስድስቱ ለእኔ ትልቁ የመጨረሻው ነው። የአንድ ምርቃት ዘገባ ላይ የባለሥልጣኑ ስም ከነማዕረጉ ይጻፋል፤ ድንጋዩን የጠረበው ግን «ሠራተኞች» ተብሎ ይታለፋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያንን ሥራ ለመጠገን የሚነሳ ሰው የሚፈልገው የቱን ስም ይመስላችኋል?

በትምህርት ክፍላችን ውስጥ ከየወረዳው የመጣን ነን። ከደንበጫ፣ ከጂጋ፣ ከማንኩሳ፣ ከሽንዲ፣ ከሰከላ የመጡ አሉ። እያንዳንዳችን በክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ በመንደራችን አንድ ሙያ የሚያውቅ አንድ ሰው ብንመርጥና ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጠገቡ ተቀምጠን ብንመዘግብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ኮርቻ ጠራቢ፣ ባለ እጅ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ ሊሆን ይችላል። ደብተርና እስክሪብቶ፣ ካለም ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ይበቃል። ስንጠይቅም «እንዴት ነው የሚሠሩት?» ብለን አናቁም፤ «ይህን ባያደርጉትስ ምን ይሆናል?» ብለን እንጨምር። የአንድ ነገር ምክንያቱ የሚወጣው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። መምህሮቻችንም የተሰበሰበውን በዚህ መጽሔት አንድ ዓምድ ሰጥተው ቢያወጡልን የትምህርት ክፍሉ የራሱ መዝገብ ይኖረዋል።

እኔ በበኩሌ በመጪው ክረምት የምጀምረው ከአባቴ ሞፈር ነው። ማዕዘኑን ለክቼ፣ ምክንያቱን ጠይቄ እጽፈዋለሁ። የእናንተንም ለማንበብ ያብቃን።